የክርስቲያኑ ድስት

በሐይቅ ከተማ በሰፈራችን ሙስሊም ጎረቤት ሰደቃ ሲያወጣ ለክርስቲያኖቹ ሌላ በግ ይገዛል። የሚያርደውም ወጡን የሚሠራውም ክርስቲያን ጎረቤት ነው። ፊት ለፊታችን ያሉት ሙስሊም አሮጊት ያን ድስት ሁልጊዜ ለእናቴ ነበር የሚሰጡት። የእናቴ ጉልበት ሲደክም ተራው የእኔ እንደሚሆን ማንም ሳይነግረኝ አምን ነበር።

ጦርነቱ አልፎ ከሽሽት ስንመለስ አሮጊቷ ሰደቃ ሊያወጡ አሰቡ። አንድ ጠዋት መጥተው በራችን ላይ ቆሙ።

«አንቺ ዘንድሮ እረፊ» አሏት እናቴን። «ድስቱን ለተከራይዋ ሰጥቻታለሁ።»

ተከራይዋ ከሰሜን ተፈናቅላ መጥታ ከጎናችን አንድ ክፍል የያዘች ሴት ናት። ከመጣች ዓመት አልሞላትም፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ግን በቁልምጫ ትጠራለች።

«ልጄስ አለች አይደል?» አለች እናቴ።

«ወላሂ ትምህርቷን እንዳናስፈታት ብዬ ነው።»

የምን ትምህርት? ተመርቄ ሥራ ፈትቼ ቤት ተቀምጫለሁ። ጓዳ ገብቼ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ።

በሰደቃው ቀን ሳልጠራ ሄድኩ። ተከራይዋ ከጉልቻው አጠገብ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ቆማለች። ሴቶቹ ዙሪያዋን ከበው ይስቃሉ።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ ሽንኩርት ክተፊ» አለችኝ። «ዩኒቨርሲቲ ይህንንም ያስተምራል?»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሽንኩርቱ በደግ ጊዜ መጣልኝ፤ ዓይኔ ለምን እንደቀላ የጠየቀኝ አልነበረም።

ከአምባሰል ለሰደቃው የመጡ እንግዳ ሴት «ይህቺ ልጅ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ተከራይዋ መለሰች።

«የጎረቤቴ ልጅ ናት። ዝምተኛ ናት እንጂ ጥሩ ልጅ ናት።»

እኔን፣ በተወለድኩበት ሰፈር፣ እሷ አስተዋወቀችኝ!

«እዚሁ ነው የተወለድኩት» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ሳቁ ተቋረጠ።

አሮጊቷ ከወዲያ ማዶ፣ ከሙስሊሙ ድስት አጠገብ፣ ቀና አሉ።

«አብሽሪ ልጄ፤ ማን አልተወለድሽም አለሽ? ድስቱን ፈልገሽ ከሆነ አፍ የለሽም?»

ተከራይዋ ትንሽ አየችኝና ማማሰያውን ዘረጋችልኝ። «እንኪ፤ እኔም ወገቤ አልቋል።»

ወጡን እስኪበስል ያማሰልኩት እኔ ነኝ። ጨውም የጨመርኩት እኔ ነኝ። ክርስቲያኖቹ በልተው ሲነሡ ግን ወደ ተከራይዋ ዞረው «እጅሽ ይባረክ» አሏት።

«አሜን» አለች።