ከነጩ ሥር ያለው አረንጓዴ

በ1961 ዓ.ም. ቢቸና ነርስ ሳለሁ፣ አሮጌውን የወጥ ቤቴን የብረት ቁም ሳጥን እንዲያድስልኝ አንድ ቀለም ቀቢ ከሞጣ አስመጣሁ። ሰውየው ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይሠራል፤ ቀለም ግን አንድም ቦታ አልነካውም። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ይፍቅና በመዳፉ ዳብሶ ያየዋል።

ከነጩ ቀለም ሥር አረንጓዴ ብቅ ሲል እጁ ቆመ።

«ይህን ዕቃ ከየት ገዙት፣ ሲስተር?»

«ከሞጣ፣ ከአንድ ነጋዴ።»

«አረንጓዴውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ቀለሙን የመረጠችው ባለቤቴ ነበረች። ትዳራችን ሲፈርስ ሸጥነው።»

«አሁን የት ናቸው?»

«መርጡለ ማርያም። ከመነኮሰች ስድስት ዓመቷ ነው።»

«ሄደው ይጠይቋቸዋል?»

«በዓመት አንድ ቀን፣ ለንግሡ እሄዳለሁ። ከሩቅ አያታለሁ።»

ይህን ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ግን አዝኜለት የቁም ሳጥኑን በር ውስጠኛ ገጽ አረንጓዴ እንዳለ እንዲተወው ነገርኩት።

«አይሆንም» አለ። «ሥሩ ዝጓል። ካልፋቅሁት አዲሱንም ይበላዋል።»

ከዚያም ቀስ እያለ፣ እስከ ብረቱ ድረስ ፋቀው።