የፈታሁት ገመድ

በልጅነቴ የምፈራው መብረቅን ነበር። ዳንግላ ላይ ክረምቱ ሲከብድ ነጎድጓዱ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። አባቴ መርጌታ ነበሩ፤ እንዲያ በሆነ ጊዜ ዳዊቱን ጭኔ ላይ ያስቀምጡና «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ» ይሉኛል። ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል እያሉ የሚያሟቸው ብዙ ነበሩ። እኔ ግን ማንበብ የተማርኩት ፈርቼ ነው።

እንጅባራ አጠገብ ላለ ገበሬ ስዳር መብረቁን ተውኩትና ፈረስ መፍራት ጀመርኩ። ባለቤቴ ዳማ ፈረስ ነበረው። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከፈረሱ ጋር በአገውኛ ነው የሚያወራው። «ለእሱ የምትለውን ለምን ለእኔም አትነግረኝም?» ስለው፣ «አንቺ ልጓም የለሽማ!» ይለኛል። እናቱ ሳይቀሩ ይስቁብኛል።

በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፣ በጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ላይ፣ ከሚዜዎቹ አንዱ ከፈረስ ወደቀ። በቃሬዛ ተሸክመውት በደጃችን ሲያልፉ አየሁት፤ አንገቱ እንደ ሕፃን አንገት ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ኮርቻ ላይ በወጣ ቁጥር ያ አንገት ይታየኝ ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ሲገባ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

«ዘንድሮ ከጉግሱ ቅርልኝ» አልኩት።

«ሰው ምን ይለኛል? የመርጌታ ልጅ ቀሚስ ሥር ተደበቀ ሊሉኝ ነው?»

«ልጅህ ያለ አባት ቢቀርስ?»

«ፈረሱ ያሳድገዋል» አለና እየሳቀ ወጣ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ኮርቻውን ሊያስጠግን ከተማ ወረደ። ፈረሱ ከቤታችን ጓሮ ባለው መስክ ላይ፣ ችካል ላይ ታስሮ ይግጥ ነበር። ሄጄ ገመዱን ከችካሉ ፈታሁት። ሐሳቤ ክፉ አልነበረም፤ ፈረሱ ከወንዙ ማዶ ካለው የፈረስ መንጋ ይቀላቀላል፣ ባለቤቴም በዓሉን ሲፈልገው ይውላል፣ ጉግሱ ያልፋል ብዬ ነው። ቋጠሮው ግን በቀላሉ አልፈታ አለኝ። ባለቤቴ በአገሩ በቋጠሮው የታወቀ ሰው ነበር። ጥፍሬ እስኪሰበር ታገልኩት። ይህን የምጽፈው፣ ሳላስበው አደረግሁት እንዳልል ነው። ለመተው በቂ ጊዜ ነበረኝ።

ፈረሱ ወደ መንጋው አልሄደም። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ በበጋም ከማይደርቀው ረግረግ ውስጥ እስከ ደረቱ ሰጥሞ ተገኘ። የሚጎተተው ገመድ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። የጉግሱን ልብስ የለበሱ ሰዎች በዓላቸውን ትተው ጎትተው አወጡት፤ ግን የፊት እግሩ ተሰብሯል። ማታውን ሞተ።

ባለቤቴ አላለቀሰም። ጭቃ ላይ ተቀምጦ የገመዱን ጫፍ በጣቱ ይዳብስ ነበር።

«አልተበጠሰም» አለ። «ተፈትቶ ነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

አጠገቡ ቆሜ የተሰበረ ጥፍሬን በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ያን ጊዜ ፍርሃቴ ሌላ መልክ ያዘ። አሁን የምፈራው ፈረሱን ሳይሆን እንዳያውቅብኝ ነበር። እሱ ደግሞ፣ ምንም ነገር ፈርቶ የማያውቀው ሰው፣ የገዛ እጁን መፍራት ጀመረ። ማታ በሬዎቹን አስሮ ይገባል፤ ራት ሲቀርብ ተነሥቶ ያያቸዋል፤ በልቶ ሲጨርስ ደግሞ ይወጣል። ገበያ ሲሄድ ከመንገድ ተመልሶ የአህያዋን ጭነት እንደገና ፈትቶ ያስራል። ጎረቤቶች መሣቂያ አደረጉት።

«ኧረ አንተ ሰው፣ የታሰረው በሬው ነው ወይስ አንተ?» ይሉታል።

አብሯቸው ይስቃል። ሳቁ ግን እንደ ድሮው አልነበረም።

አጎቱ አንድ ጊዜ ውርንጭላ ይዘውለት መጡ። «እንካ፣ አሳድገው፤ አንተን የመሰለ ፈረሰኛ በእግሩ ሲሄድ ማየት አሳፈረኝ» አሉት።

«ይቅርብኝ፣ አያ። እጄ ቋጠሮ አይዝም» አላቸው።

ያን ዕለት ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ጠላ ልጨምር ብዬ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ።

ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። ጾምና ስግደት አዘዙኝና «ለባልሽም ንገሪው፤ ከስግደቱ የሚከብድሽ እሱ ነው» አሉኝ። የታዘዝኩትን ስግደት እጥፍ አድርጌ ሰገድኩ። በጉልበቴ ስግደት የአፌን ዝምታ የምክስ መስሎኝ ነበር። ለእሱ ግን ነገ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ልጅቷ ጡት ስትጥል፣ አዝመራው ሲገባ እነግረዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

አምና ሳል ያዘውና ሦስት ወር ተኛ። አልጋ ላይ ሆኖ ልጃችንን ይጠራታል። «ጥጃዋን አሰርሻት?» ይላታል። «አዎ፣ አባባ።» «ሂጂ ደግመሽ እያት፤ የእኔን እጅ ወርሰሽ እንዳይሆን።» እሷም ትሄዳለች። እኔ እግሩን እያሸሁ እሰማለሁ። እንዲህ ደክሞ ሳለ ብነግረው ሕመሙን አብስበታለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ውሸት ነው። እንዳይጠላኝ ፈርቼ ነው። በአንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሳልነግረው ሞተ።

ከወር በፊት እኔና ልጄ ምሳ እየበላን ነበር። ጉርሻዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

«ወዴት ነው?»

«ጥጃዋን ላያት።»

«አሁን አይደል ያየሻት?»

«የእኔም እጅ እንደ አባባ ነው፣ እማዬ። አላምነውም።»

አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቁጭ በይ አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጥፍሬ መሰበሩን ሳይቀር።

በእጇ የቀረውን እንጀራ መሶቡ ላይ መለሰችው። «አባባ መትቶሽ ያውቃል?» አለችኝ።

«አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ፈራሽ?»

መልሴን አልጠበቀችም። «እነዚያ ሁሉ የሳቁበት ባንቺ ምክንያት ነው» አለች። «ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርግለታል? ለእነሱ ንገሪያቸው።»

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል፤ አጎቱም አሉ። ሰው በልቶ ሳይነሣ ተነሥቼ እናገራለሁ ብያታለሁ። ይህን ቀስ ብዬ፣ በቀን ጥቂት መስመር የምጽፈውም ለዚያው ነው። ድምፄ ከከዳኝ ልጄ ታነብላቸዋለች። ፊደሉን ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ አንድም ቃል እንደማትዘልልኝ አውቃለሁ።