አሜሪካ ያለው ወንድማችን

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ለማስተማር ከተቀጠርኩ ብዙም ሳልቆይ፣ ከወለጋ የተፈናቀሉ ገበሬዎች ከተማችን መጥተው መጠለያ ገቡ። ጥቂት መምህራን ቅዳሜና እሁድ እየሄድን በምዝገባው እናግዝ ነበር። የተሰጠን ፕሮግራም ከውጭ የመጣ ነው። ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ካልተጻፈለት አይቀበልም፤ ዓመቱም ለእሱ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ፊቴ ተቀመጠች።

«መቼ ተወለደ?» አልኳት።

«ጳጉሜ ሁለት።»

ብሞክር ብሞክር አልገባልህ አለኝ። «ነሐሴ ሠላሳ ብዬ ልጻፈው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና «ሁሉንም ትቼ ነው የመጣሁት። ቀኑን እንኳ ተዉልኝ» አለች።

ያን ዕለት ልጁን ያለ ልደት ቀን መዘገብኩት። ቤቴ ስገባ ግን እረፍት አጣሁ። በማግስቱ ጳጉሜን የሚያውቅ የቀን መምረጫ መሥራት ጀመርኩ። ቀጥሎ ስምን ከነአባትና ከነአያት የሚቀበል ሳጥን ጨመርኩበት፤ ከዚያ በፊደላችን ተራ የሚደረድር ዝርዝር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራው ከአንድ ፕሮግራም አለፈና ማዕቀፍ ሆነ። ማዕቀፍ ስል፣ በርና መስኮቱን አዘጋጅቶ እንደሚያቀርብ አናጺ ማለቴ ነው፤ ቤቱን የሚሠራው ሌላ ሰው ነው። በአማርኛ የሚሠራ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥራት የሚሻ ሁሉ የኔን በርና መስኮት ወስዶ ይገጥማል። ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲወስደውና እንዲያርመው ክፍት አድርጌ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት።

ብዙ ሰው አልመጣም። አንድ ትምህርት ቤት ለውጤት ካርድ ወሰደው። የሰላ ድንጋይ ጤና ጣቢያ ደግሞ ለካርድ ክፍሉ ወሰደው፤ እሱንም የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «አሁን ማን ዴስክቶፕ ይጠቀማል? ለስልክ አትሠራም?» ይሉኝ ነበር። ለማዕረግ ዕድገት የሚቆጠረው የታተመ ጥናት ስለሆነ ማዕቀፌ ለዚያም አልረባኝም። ብቻዬን ስገፋው ቆይቼ ልተወው ጫፍ ደርሼ ሳለ ነው ያ ሰው የመጣው።

የመለያ ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ነበር። መጀመሪያ የላከልኝ እርማት የስም ፍለጋውን የሚመለከት ነው። በሃሌታው ሀ የተመዘገበን ሰው በሐመሩ ሐ ሲፈልጉት ፕሮግራሜ «የለም» ይል ነበር። እሱ ሦስቱንም ሀ አንድ አድርጎ የሚፈልግ ኮድ ጽፎ ላከ። አጭርና ንጹሕ ኮድ ነበር፤ የምነካው ነገር አጣሁበት። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ማብራሪያ አለው። እኔም በእንግሊዝኛ «አመሰግናለሁ ወንድሜ» ብዬ መለስኩ። የፈገግታ ምልክት ብቻ ላከልኝ።

ኮዱን ያስቀመጥኩበት ድረ ገጽ ለውጥ ሲላክለት የላኪውን ኮምፒውተር ሰዓት ከነቀጠናው አብሮ ይመዘግባል። የእሱ ሰዓት የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ሰዓት ነበር። እንግሊዝኛውም የጠራ ነው። አሜሪካ የሚኖር፣ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ አገሩን በትርፍ ጊዜው የሚረዳ ሐበሻ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጠይቄው አላውቅም። አልተጠራጠርኩምና ምን ብዬ ልጠይቅ?

እንዲህ ሆነን ዓመታት ሠራን። እኔ መስኮቱንና ቁልፉን፣ እሱ ፊደሉን። የፊደሉን ክፍል እየቆየ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ተውኩለት። አንዳንዴ እንከራከር ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ ማሳያ ጨምሬ በጣም ኮርቼበት ሳለ «ይህ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይንቀራፈፋል፣ አውጣው» ብሎ ጻፈልኝ። «እንዲህ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ዛሬ ማን ይጠቀማል?» አልኩት። «ብዙ ሰው» ብሎ መለሰ። ከዚያ ርቀት ሆኖ ለእኛ ለድሆቹ ማሰቡ ልቤን ነካውና ማሳያውን አወጣሁት። ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ በዓል አንድም ቀን አላወራንም። በእንግሊዝኛ ሲጻጻፉ ደግሞ ወሬ አይመጣም። ሥራው ብቻ ይመጣል።

አንድ ዓመት የትምህርት ክፍላችን መምህራን ሥራቸውን ለእንግዶች የሚያሳዩበት ቀን አዘጋጀ። ከየወረዳው የመረጃ ባለሙያዎች ተጠርተው ነበር፤ አዳራሹ ሞልቷል። ተራዬ ሲደርስ ማዕቀፉን አሳየሁ፤ የጳጉሜውን ነገር ተናገርኩ። መጨረሻ ላይ ሰው ሥራውን በቁም ነገር እንዲያይልኝ ፈለግሁና «ይህን ብቻዬን አልሠራሁትም። አሜሪካ ያለ ወንድማችን አብሮኝ ይሠራል፤ የፊደሉን ክፍል የሠራው እሱ ነው» አልኩ። አዳራሹ ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው ለዚህች ነው። ከመድረክ ስወርድ አለቃዬ ጨብጦኝ «አሜሪካ ድረስ?» አለኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከዚያ በክልላችን ግጭት ተነሳ፤ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። መጀመሪያ ለሳምንት መስሎን ነበር። ወሩ አለፈ፤ ሌላውም ተከተለ። መንገድ ሲከፈት አዲስ አበባ እወርድና መልእክቶቼን አያለሁ። ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል፤ ከአንዳንድ የማላውቃቸው ሰዎች «ይህ ሥራ ቆመ ወይ?» የሚል ይመጣል። ከእሱ ግን ምንም የለም። አዘንኩበት። እኔ በዚህ ሁሉ መሐል አዲስ አበባ ድረስ እየወረድኩ፣ እሱ እንደ ልቡ ኢንተርኔት ባለበት አገር ተቀምጦ «በሕይወት አለህ ወይ?» እንኳ አላለኝም ብዬ አዘንኩበት። አንድ ጊዜ ልጽፍለት ጀምሬ ተውኩት። እሱ ይጀምር አልኩ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ማዕቀፉ የቆመበት መሠረት ተቀይሮ ጠበቀን። ሥዕልና ጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚያወጣልንን ዝግጁ ኮድ የሚሠሩት ሰዎች አሮጌውን ትተው አዲስ አውጥተዋል። መስኮቶቹን እንደ ምንም ወደ አዲሱ አሻገርኳቸው። የፊደሉ ክፍል ግን የእሱ እጅ ነው፤ ብነካው ይበላሽብኛል። ያን ጊዜ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጻፍኩለት። አልመለሰም። ደግሜ ጻፍኩ። ዝም።

በመጨረሻ አሮጌውን ፕሮግራም የሚጠቀሙት ሰዎች በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ለማየት ሰላ ድንጋይ ሄድኩ። የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ውስጥ ጃኬት የደረበ ወጣት ሠራተኛ ተቀብሎ ኮምፒውተሩን ከፈተልኝ። አሮጌ ማሽን ነው፤ ሲነሳ ያጓራል። አንዲት ባልቴት ስማቸውን ተናገሩ፤ ወጣቱ ግማሹን ብቻ ጻፈና ፕሮግራሙ ሙሉውን አወጣ።

«ይህን አልሠራሁትም» አልኩት።

«የቱን?»

«በግማሽ ስም መፈለጉን። እኔ ጋ የለም።»

«እኛ ጋ ቆይቷል፣ መምህር» አለኝ።

ፈቅዶልኝ የፕሮግራሙን ኮድ ከፈትኩ። ከተጨመረው ክፍል አናት ላይ ያ የፊደልና የቁጥር ድርድር ተጽፏል። ለወጣቱ አሳየሁት።

«ይህ ሰው እዚህ መጥቶ ያውቃል?»

«የትኛው ሰው?»

«ይህን የጻፈው።»

«እሱማ የድሮዋ የመረጃ ባለሙያችን ናት» አለ። «እዚሁ ወንበር ላይ ነበር የምትሠራው። አግብታ አረርቲ ከገባች ቆየች።»

የኮምፒውተሩን ሰዓት አየሁ። የሰዓት ቀጠናው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ። ወጣቱን ጠየቅኩት። «ሰዓቱን እናስተካክለዋለን፣ ያን ግን ማንም ነክቶት አያውቅም» አለኝ።

ስልኳን ሰጠኝ። ደብረ ብርሃን ተመልሼም ቶሎ አልደወልኩም። ምን ብዬ እንደምጠራት አላወቅኩም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ለሁሉ እየበቃን፣ አንተ ልበል አንቺ ወይስ እርስዎ ብዬ ተጨንቄ አላውቅም። በአማርኛ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይይዘኝ ነበር። አንተ ብዬ ስጀምር ወይ ማን እንደሆነች ትነግረኝ፣ ወይ አውቃ ትደብቀኝ ነበር።

ስደውል ስሜን ነገርኳትና «የማዕቀፉ… እርስዎ ነዎት?» አልኩ።

ሳቀች። «አንቺ በለኝ እንጂ፣ መምህር። ወንድሜ ስትለኝ አልነበር?»

እናቷን ሐኪም ቤት ልታሳይ ደብረ ብርሃን ስትመጣ ተገናኘን። ሕፃን አዝላለች፤ እናቷን ወረፋ አስይዛ ከሐኪም ቤቱ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ገባን። ዕድሜያችን ተቀራራቢ ነው። የተማረችው ኮምፒውተር ነው፤ እኔ የተማርኩትን ተምራለች። እንዴት ሰላ ድንጋይ እንደደረሰች ጠየቅኳት። ተመድባ፣ አለች። ሥራውን ወዳው ነበር። የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ረጅም ስለሆነባት ነው ፍለጋውን ያረመችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምኑን?»

«እዚህ መሆንሽን። ሴት መሆንሽን። ሁሉንም።»

ሻይዋን አማሰለች። «መጀመሪያ አስቆኝ ነበር። ቆይቶ ደግሞ አፈርኩ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ እኮ።»

«የት?»

«ከወረዳ ከተጠሩት ጋር። ከኋላ። ሥራህን ጨርሰህ ስትወርድ ልመጣና ልነግርህ አስቤ ነበር። ከዚያ አሜሪካ ያለው ወንድማችን አልክ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ተነስቼ እኔ ነኝ፣ ከሰላ ድንጋይ ነኝ ብል ሥራው የሚቀንስብህ መሰለኝ።»

«አይቀንስም ነበር» አልኩ፤ ድምፄ ግን ለራሴም አልጣመኝም። የአለቃዬ «አሜሪካ ድረስ?» ጆሮዬ ላይ ነበር።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «በአማርኛ አንድ መስመር ብጽፍልህ ያልቅ ነበር። ልጽፍ ብዬ እተወዋለሁ። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ደግሞ፣ እሱ ደብረ ብርሃን ነው፣ አንድ መላ አያጣም፣ ይፈልገኛል እል ነበር። በግማሽ ስም የሚፈልገውን ያኔ ሠራሁት፤ መላኪያ ግን አልነበረኝም። ከዚያ አግብቼ ሄድኩ። ይቺ ተወለደች። የመለያውንም የይለፍ ቃል ረሳሁት።»

እኔ አሜሪካ ሆና ዝም አለችኝ ብዬ ሳዝን፣ እሷ በመኪና ጠዋት ተነስቼ ለምሳ በምደርስበት ቦታ ተቀምጣ ይፈልገኛል ትል ነበር። ይህን ስነግራት አልሳቀችም።

የፊደሉን ክፍል ወደ አዲሱ መሠረት እንድናሻግረው ጠየቅኳት። ኮምፒውተር አገኝልሻለሁ፣ በፈለግሽው ሰዓት ሥሪ፣ ስምሽ ከስሜ ፊት ይሆናል አልኳት። በጥሞና አዳመጠችኝ። አረርቲ ከባሏ ጋር የእህል መጋዘን አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሚዛን ላይ ናት።

«ያኔ ብትጠይቀኝ እንቅልፌንም እተውልህ ነበር» አለች። «አሁን ኮዱን ሳስበው የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኛል። አትቀየመኝ፣ መምህር።»

«እኔ ምን ብዬ ልቀየም» አልኳት።

ሕፃኗ አለቀሰች። ወረፋ ላይ ያሉትን እናቷን ሊጠሩ ይሆናል ብላ ተነሳች። ሒሳቡን እኔ ካልከፈልኩ አለች፤ አልቻልኳትም።

ማዕቀፉን አዲስ ሰው እንዳይጀምርበት ማስታወቂያ ጻፍኩበት። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከሥር በእንግሊዝኛ። አንድ ሰው ወስዶ ሊቀጥለው ቢፈልግ እንደማግዘው ገለጽኩ፤ እስካሁን የጠየቀ የለም። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር። ሁለታችንም አንድ ዞን ውስጥ ነበርን፤ አንድም ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አልሠራንም። ብንቀመጥ ምን ይወጣው ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ ማሰቡ ግን የትም አያደርሰኝም።

ሰላ ድንጋይና ትምህርት ቤቱ አሁንም በአሮጌው ይሠራሉ። ሲበላሽባቸው ይደውሉልኛል። የመስኮት ጉዳይ ከሆነ እኔው አስተካክላለሁ። የፊደል ከሆነ አረርቲ እደውላለሁ። አንዳንዴ ታነሳና፣ ከኋላዋ ሚዛን የሚያነቡ ሰዎች እየጮሁ፣ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ በቃሏ ትነግረኛለች። አንዳንዴ አታነሳም። ያን ጊዜ ኮዷን ከፍቼ ራሴ እሞክራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካልኝም።