በተሳሳተ በር የገባ ቅቤ

ዛሬ ጠዋት ጥርሴን በብጉር መድኃኒት ቦረሽኩ። መነጽሬን አልጋው ላይ ትቼው ነበር፤ ለጥርስ መነጽር ምን ያደርጋል ብዬ። መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ነጭ ቱቦ አገኘሁ፤ በልግስና ጨመቅሁና የቀሩኝን ጥርሶች (ቁጥራቸውን ለማንም አልናገርም) ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈተግኋቸው። አረፋ የለውም፣ ደስ የሚል ሽታም የለውም። የዘንድሮ ሳሙና ከዘንድሮ ሰው ምን ይለያል ብዬ ልተች ስል ምላሴ እንደ ደረቅ ቆዳ ተኮማተረ፣ ድዴም ለበለበኝ።

የልጅ ልጄ ሕይወት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። መድኃኒቱን ያዘዘላት የቆዳ ሐኪም የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ ተቀቢ ብሏት ኖሮ፣ እኔ የሳምንቱን በአንድ ጠዋት ጨርሼዋለሁ። ፋርማሲስቱ ጋ ደወለች፤ ደህና አድርጎ ይጉመጥመጥ አለ። እየተጉመጠመጥሁ ሳለ ባለቤቴ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ አየችኝና፣

"ተዪው ልጄ፤ ቢያንስ ከእንግዲህ ጥርሱ ብጉር አያወጣም" አለች።

እነሱ ሲስቁ እኔም ሳቅሁ፤ እኔ የሳቅሁት ግን በሌላ ነገር ነው። በጉርምስናዬ የጥርስ ሳሙና ፊቴን እቀባ ነበር፤ ይኸው በስተርጅና የፊት መድኃኒት ጥርሴን ቀባሁ። ሁለቱን ቱቦዎች በቦታቸው ሳላውል ሰባውን ተሻገርኩ ማለት ነው።

ያኔ እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ የምትኖረው ቦኖሻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለትምህርት ስል ሆሳዕና አክስቴ ቤት ተጠግቼ እኖር ነበር። በዚያ ዓመት ፊቴ ለብጉር ተሰጠ። መጀመሪያ አገጬ ላይ ሁለት ሦስት ብቅ አሉ፤ ንቄ ተውኳቸው። እነሱ ግን ዘመድ ጠሩ። ጉንጬ ላይ ሰፈሩ፣ ወደ ግንባሬ ወጡ፣ ጀርባዬንም ሳያስፈቅዱ ያዙ። የቦኖሻ ሜዳ በርበሬ አብቃይ ነው፤ የክፍሌ ልጆችም ይህን ያውቃሉ። "የቦኖሻ ልጅ በርበሬውን ፊቱ ላይ አሰጣው" ይሉኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ተረቡ ጥሩ ነበር፤ በሌላ ሰው ፊት ላይ ቢሆን እኔም እለው ነበር።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። ፌጦ በሎሚ ቀባሁ፤ ሌሊቱን በቃጠሎ ነደድኩ። የአክስቴ ባል የጥርስ ሳሙና ነበረው፤ በቤቱ ከሱ በቀር የሚነካው አልነበረም፤ እየሰረቅሁ ቀባሁት። የሚያብጠውን በእሾህ አፈነዳሁ። አገጬ ላይ ዛሬም ድረስ ጢሜ የማይበቅልባት ትንሽ ጉድጓድ የዚያ የእሾህ ሥራ ናት። የአክስቴ ባል ሳሙናው ማለቁን እንጂ ወዴት እንደሄደ አላወቀም፤ ስለ ብጉሬ ግን የጸና አቋም ነበረው። ሴት ማሰብ ነው ይላል፣ መድኃኒቱም ማግባት ነው። ይህ ንግግር ክፉኛ አስፈራኝ፤ ምክንያቱም በእርግጥ ሴት አስብ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሐሳቤን ሁሉ ተናዘዝኩ። ካህኑ በትዕግሥት ሰምተው ንስሐ ሰጡኝ፤ ነፍሴ ነጻች መሰለኝ፣ ፊቴ ግን እንደነበረ ነው።

ከሁሉ የጠነከረው መድኃኒት ከእናቴ የሚመጣው ነበር። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ዊጆ ነበራት፤ በየሳምንቱ ሴቶቹ ከየቤታቸው ቅቤ ያዋጡና ተራ የደረሳት ሁሉንም ትወስዳለች። በኛ አገር የአንድ ሴት ሙያና ክብር በዊጆዋ ይታያል። የእናቴ ተራ ሲደርስ ቅቤው ለመስቀል ይቀመጣል ወይ ይሸጣል፤ በዚያ ዓመት ግን በኮባ ቅጠል እየተጠቀለለ ለአናቴ ተላከ። የልጄን ፊት ያፈነዳው የትምህርቱ ሙቀት ነው፤ አናቱ ከቀዘቀዘ ይድናል፤ እምነቷ ይህ ነበር። እኔም ጠዋት ማታ እቀባለሁ። ፀሐይ ሲወጣ ቅቤው ከፀጉሬ በግንባሬ ይወርዳል። ብጉሩ በባሰ ቁጥር ቅቤው በዛ፤ ቅቤው በበዛ ቁጥር ብጉሩ ባሰ። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነበርኩ የምለው እኔ ይቺን ስሌት አላየኋትም።

እንግዲህ በጥር ወር ይመስለኛል፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ክፍላችን ገብቶ ለመልቀቂያ ፈተና የሚመዘገብ ሁሉ እስከሚቀጥለው ዓርብ ጉርድ ፎቶ እንዲያመጣ፣ ፎቶ ያላመጣ እንደማይፈተን ነገረን። ሌላው ፀጉሩን ስለማበጠር ሲያወራ እኔ ቆረጥኩ፤ በዚህ ፊት ፎቶ አልነሳም። ፎቶ ማለት ለዘላለም ማለት ነበር፤ እንደ ዛሬ ነክቶ ማጥፋት የለም። ቅዳሜ መናኸሪያ ወርጄ ቦኖሻ የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ብርዱ ከሆሳዕና ጋር ወደ ኋላ ቀረ፤ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱና አቧራው ተቀበሉን፣ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ዓይን ያቃጥላል። በየቤቱ በራፍ የገዛ ፊቴን ያየሁ መሰለኝ።

ለእናቴ ትምህርት በቃኝ፣ በርበሬ እነግዳለሁ አልኳት። አባቴ ከሞተ አራት ዓመቱ ነበር፤ እኔን ያስተማረችኝ በዚያው ቅቤዋ ነው። አልተቆጣችም። ፊቴን ስታይ ቆየች። ሰኞ ጠዋት አናቴን ትኩስ ቅቤ ቀብታ፣ ክንዴን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

እዚያ ከድር የሚባል ድሬሰር ነበር። ከኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት፣ ፊቱ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ። ሳየው ጠላሁት። እሱ ግን ወደ መስኮቱ አዞረኝና ማንም ያላየኝን አስተያየት አየኝ፤ ሳይጠየፍም ሳያዝንም፣ ገበሬ ማሳውን እንደሚያይ። ሸሚዜን አስወልቆ ጀርባዬንና ደረቴን አየ። ጥቁር ጥቁሩን ለብቻ፣ መግል የያዘውን ለብቻ፣ ውስጥ ገብቶ የሚያመውን በጣቱ እየነካ ለብቻ ለየ። መቼ እንደጀመረ ጠየቀ። ከቤተሰብ እንዲህ የነበረ አለ ወይ ሲል እናቴ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

"አባቱ ሲያገባኝ ፊቱ የታረሰ ማሳ ነበር። እኔ ግን አገባሁት" አለች።

ከዚያ ምን ምን እንደቀባሁ ጠየቀኝ። ዘረዘርኩለት፤ እሱ ይጽፋል። ስጨርስ ወረቀቱን አየና ያልቀባኸው ወጥ ብቻ ነው አለኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ነው፤ እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ፣ ከሰው ትውላለህ ወይ፣ ትምህርት ቤትስ ትሄዳለህ ወይ? አቀረቀርኩ። የፎቶውንና የዓርብን ነገር የነገረችው እናቴ ናት።

ከድር ጥጥ አነሳና ግንባሬን ከፀጉሬ ሥር ጠረገ። ጥጡ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ጥጡን አየ፣ እናቴን አየ፣ ተመልሶ ጥጡን አየ። ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ አገሩ ነውና ያውቀዋል።

"እናቴ፣ ይህ ቅቤ የማን ነው?"

"የዊጆዬ ነው" አለች ቀና ብላ።

"ከሽታው ያስታውቃል፣ ጥሩ ቅቤ ነው። ግን በተሳሳተ በር ነው የገባው። በአፉ ይግባለት።"

እናቴ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ደጋግማ ጠረገች። "እኔ ነኛ ያበላሸሁት" አለች ቀስ ብላ። ከድር የሕክምና ወንበሩን ትቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። ብጉሩን ያመጣው ዕድሜው ነው አላት። በዚህ ዕድሜ ቆዳ የራሱን ቅባት አብዝቶ ያመነጫል፤ መውጫው ቀዳዳ ሲደፈን ያብጣል፣ ይመግላል። ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም፣ ሴት ስላሰበም አይደለም። (እዚህ ላይ ቀና አልኩ፤ የተናዘዝኩት ሁሉ በከንቱ ኖሯል።) የእናት ቅቤ ክፉ የለውም፣ ብቻ የግንባሩን ቀዳዳ ዘጋበት፤ ሲቀር የግንባሩ ይቀንሳል፣ ለቀረው ደግሞ መድኃኒት አለ።

በትንሽ ቆርቆሮ የድኝ ቅባት ሰጠኝ፤ ሽታው ክብሪት የተለኮሰበት እንቁላል ነው። ጠዋትና ማታ ሳልፈትግ በሳሙና እንድታጠብ፣ ማታ ማታ ስስ አድርጌ እንድቀባ፣ እጄን ከፊቴ፣ እሾህን ከእጄ እንዳርቅ አዘዘኝ። ስንት ቀን ብዬ ጠየቅሁት። ስምንት ሳምንት አለ፤ በሁለተኛው ሳምንት ምንም አልተለወጠም ብለህ እንዳትተው።

"ዓርብስ?"

"ለዓርብ አይደርስም።"

እናቴ አየችኝ። እኔ ቆርቆሮውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከድር ቆርቆሮውን አንስቶ እጄ ውስጥ መልሶ ከተተው።

"ፈተናውን የሚፈተነው ማነው? አንተ ነህ ወይስ ብጉርህ? እንዳለህ ሂድና ተነሳ። ደግሞ አንዱን ፎቶ ለኔ አምጣልኝ። እዚህ የሚመጡ ልጆች እኔን አያምኑኝም፣ በዚህ ፊትህ ስለ ብጉር ምን ታውቃለህ ይሉኛል። ሲሻልህ ሌላ ትጨምርልኛለህ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳያቸዋለሁ። ክፍያዬ ይህ ነው።"

በዚያ ማታ እናቴ መስቀል ሳይደርስ አታካና ሠራች። ያን የቡላ፣ የአይብና የቅቤ ድግስ፣ ቅባት ብጉር ያወጣል ብለውኝ በመስቀል እንኳ ሳልቀምሰው ያለፍኩትን። ለአናቴ የተቀመጠው ቅቤ ሁሉ እዚያ ውስጥ ገባ። ጎድጓዳውን ሳህን ፊቴ አስቀምጣ "በትክክለኛው በር" አለችና ፊቷን አዞረች። ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ።

ሐሙስ ሆሳዕና ተመልሼ ፎቶ ቤት ገባሁ። ፎቶ አንሺው ሽማግሌ ነበሩ፤ ፊቴን አይተው በደግነት፣ በእርሳስ ነካ ነካ አድርጌ ላጥፋልህ አሉ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥበብ ነበረ። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን "ይሁን፣ እንዳለ ይሁን" ነው። ከድርን አስቤ ይሁን፣ የእናቴን እጅ አስቤ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አራት ቅጂ ተሰጠኝ፤ ሦስቱን ለጸሐፊው አስረከብኩ።

ስምንቱን ሳምንት በድኝ እየሸተትኩ ኖርኩ። የአክስቴ ባል እራት ሲቀርብ ወንበሩን ይዞ ይርቀኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቆርቆሮውን ልጥለው ነበር፤ በአምስተኛው ግንባሬ ጸዳ፤ ፈተናው ሲደርስ ጠባሳና አንድ ሁለት ሰነፍ ብጉር ብቻ ቀሩኝ። ክረምቱ ገብቶ ነበር፣ የፈተናው አዳራሽ ደጅ ጭቃ። ፎቶዬ የተለጠፈበትን የመፈተኛ ካርዴን በኩራት ለፈታኙ ሰጠሁ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበር። ካርዱን አየ፣ እኔን አየ።

"የወንድምህን ካርድ ይዘህ ነው የመጣኸው?"

የኔ ነው አልኩ። ይሄ አንተ አይደለህም አለና ወደ ጎን አቆመኝ። ሌሎቹ እያለፉኝ ይገባሉ፣ ወረቀት ሲታደል ይሰማኛል። ያንን ፊት ለማጥፋት ስንት ለፍቼ ነበር፤ አሁን ያ ፊት ጠፍቶ እኔ ደጅ ቀረሁ። የእናቴ ቅቤ ሁሉ በዓይኔ መጣ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ካርዱ ላይ አገጬን እያሳየሁ ጠጋ አልኩትና የራሴን አገጭ ወደ ሰማይ አነሳሁ። ጉድጓዷ እዚያም አለች፣ እዚህም አለች። ሰውዬው በጣቱ ነካት። "በምን ወጋኸው?" አለኝ። "በእሾህ" አልኩት። ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስገባኝ። አለፍኩ፤ አስተማሪም ሆንኩ፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ባለ ብጉር ልጆች ፊት ቆሜ ኖርኩ።

አራተኛውን ፎቶ ግን ለከድር አልሰጠሁትም። ፊቴ ሲጸዳ አፈርኩበት። ጠፋብኝ ብዬ ዋሸሁት፤ ፎቶው ጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ነበር። ከድር ዛሬም አለ፤ ጡረታ ወጥቶ ቦኖሻ ከልጁ ጋር ይኖራል። በተገናኘን ቁጥር፣ በሠርግም በለቅሶም፣ ከሰላምታ በፊት "መምህር፣ ፎቶዬስ?" ይለኛል። እፈልጋለሁ እለዋለሁ። ይህን ያህል ዘመን ስፈልግ።

ሕይወትም ለፈተና ምዝገባ ፎቶ አልነሳም ብላ ሳምንት አልፏታል። ይህን የሰማሁት ዛሬ ነው፤ አፌን ታጥቤ ሳቋ ሲያልቅ ነገረችኝ። ምንም አልመከርኳትም፤ መድኃኒቷን የበላ ሽማግሌ ምን ብሎ ይመክራል? መነጽሬን ፈልጌ፣ ጸሎት መጽሐፉን ገልጬ ፎቶውን ሰጠኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው። "አባባ፣ ከኔ ትብሳለህ!" አለች፤ እንዲያ ደስ ብሏት ካየኋት ቆይቷል።

ከሰዓት በኋላ ሄዳ ተነሳች። ፎቶዬን ደግሞ መታጠቢያው መስታወት ላይ፣ ከቱቦው በላይ ለጥፋዋለች። ነገ ቦኖሻ ሄጄ ለባለቤቱ ላስረክበው ብዬ ብጠይቃት፣ ሐኪሙ ያዘዘላት ጊዜ ሳያልቅ እንደማትሰጠኝ ነገረችኝ። ለከድር ደውዬ ፎቶህ ተገኝቷል፣ ግን አንዲት ልጅ እያየችው ነው አልኩት። ከዚያ "ሁለተኛውስ? ሲሻልህ የተነሳኸው?" አለኝ።

እሱን ጭራሽ አልተነሳሁትም።