አባባ ያሰሩት ክንዴ

ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ሀያት፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከባጃጅ ወድቃ ከክርኗ በላይ ክንዷ ተሰበረ። ሆስፒታል ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ልጅ እግር ዶክተር ነበር፤ ገና ራጁን ሳያይ አንድ ነገር ጠየቃት፦ «ከወደቅሽ በኋላ፣ ማንም ሳይነካሽ፣ መዳፍሽን ወደ ላይ ማንሳት ትችይ ነበር?»

አዎ ብላ አነሳችለት። «እንግዲያውስ በሰፊው አንከፍተውም» አላት። ከላይና ከታች ሁለት አጭር ቦታ ብቻ ተከፍቶ አጥንቱን የሚይዘው ብረት በሥጋው ሥር ይገባል፤ እሱ በስክሪን እያየ ይመራዋል። መዳፏ ዝሎ ቢሆን ኖሮ ግን በዚያ አጥንት ላይ የሚዞረውን ነርቭ በዓይኑ ለማየት ክንዷን በረጅሙ መክፈት ይመርጥ ነበር። ይህን ሲል እኔ ሳላስበው እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩ። ከትከሻዬ ሥር እስከ ክርኔ የወረደ ጠባሳ አለኝ።

አባባ ደጋን ከተማ ወጌሻ ነበሩ። ስብራት የገጠመው ሰው ደጃችንን አያጣውም። «ቢስሚላህ» ብለው ሲዳስሱ፣ አጥንቱ የሚነግራቸው ይመስል አንገታቸውን ዘንበል ያደርጉ ነበር። ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስኩ አደይ በለበሰበት ሰሞን ከኮምቦልቻ ገበያ በአይሱዙ ስመለስ፣ መኪናው በወጉ ሳይቆም ዘልዬ ወረድኩ። ልታይ ልታይ ማለት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ክንዴ ከሥሬ ሆኖ ቋ ሲል ሰማሁት። የገዛሁት ብርቱካን አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

አባባ ቤት ውስጥ አቃንተው በቀርከሃ አሰሩኝ። ሲነጋ መዳፌ ከአንጓው ታጥፎ ተንጠልጥሏል። ቀና አድርጊው ይሉኛል፤ እምቢ ይላል። ፊታቸው ሲለዋወጥ ዛሬም ይታየኛል። አገር የሚያስረው ሰው የገዛ ልጁን ይዞ በሐረጎ ዳገት ሽቅብ ደሴ ወጣ።

ሐኪሙ ክንዴን ከፍቶ ብረት አደረገልኝ። አባባ በር ላይ ጠብቀው፣ «ምን አያችሁ?» አሉት።

«ነርቩ አልተበጠሰም። አጥንቱ መሃል ተይዞ ነበር፤ አላቀነዋል። ቀስ ብሎ ይመለሳል።»

«በኔ እጅ ነው?»

«ሲሰበር ሊሆን ይችላል፤ ሲታሰርም ሊሆን ይችላል። እኔ ያየሁት አሁን ነው፣ አባቴ።»

ከሁለቱ አባባ ሁለተኛውን መረጡ። ሰው በራሱ ላይ ሲፈርድ ምስክር አይጠራም። ቤት ስንገባ ቀርከሃውን ሁሉ ሰብስበው ለጎረቤት ማገዶ ሰጡ። ስብራት ይዞ ለሚመጣ ሁሉ «ደሴ ውሰዱት፤ እጄን አላምነውም» ይሉ ጀመር።

ከዚያ ለወራት፣ የዐስር ሰላት ሰግደው ሲመለሱ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ብርቱካን ልጠው ያጎርሱኝና ጣቶቼን አንድ በአንድ ቀና ያደርጋሉ። «ተነሽ በያት፣ ዘሀራ! ተነሽ በያት!» ጥር ሲያልቅ አውራ ጣቴ ብቻዋን ብድግ አለች። «አልሐምዱሊላህ!» ብለው አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋቸው። እጄ ዳነ፤ እሳቸው ግን ዳግመኛ አጥንት አልነኩም።

ሀያት በሦስተኛው ቀን ሁለት ትንንሽ ፕላስተር ተለጥፎላት ቤቷ ገባች። ክንዷን ከክንዴ አጠገብ አድርጋ፣ «እቴቴ፣ ያንቺስ የኮምቦልቻ መንገድ ነው!» ብላ አሾፈችብኝ። ሳቅሁ። የዶክተሩ ጥያቄ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ማንም ሳይነካሽ? እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ አንዱን ብርቱካን ላነሳ ስል ጣቶቼ አልዘረጋ ብለው፣ መዳፌም አልቀና ብሎኝ ነበር። ሕመሙ ነው ብዬ በግራዬ አነሳሁት። አባባ በዚያ ሰዓት ገና ቤት ነበሩ፤ መውደቄንም አልሰሙም።

ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው። ዐስር ሲደርስ አሁንም ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ይናፍቁኛል፤ ወላሂ፣ ይናፍቁኛል። አንድ ከሰዓት ብቻ ቢሰጠኝ እነግራቸው ነበር፦ አባባ፣ እጄ የዛለው እርስዎ ሳይነኩኝ ነው።