አጎቴ ለካሜራ ብሎ የነፋው ወናፍ

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሯል። የከተማው ሰው የሚተኛበትን አልጋ፣ የሚቆልፈውን በር የሠራው እሱ ነው። እጁን የጨበጠው ደንበኛ ግን አላየሁም። ሒሳቡን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርገው ይሄዳሉ፤ ከቀጥቃጭ ጋር መነካካት ክብር ይቀንሳል።

እሱ ይህን ከረሳው ቆይቷል። የሚያንገበግበው የመብራት ነገር ነው። ብየዳውና ግራይንደሩ አንድ ላይ ሲነሡ ኃይሉ ስለማይችል ድርግም ይላል። ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ እንዲገባለት ካመለከተ አራት ዓመት አልፎታል፤ በዚህ ዓመት ካልገባ ደንበኛ ሁሉ ጥሎት መሄዱ ነው።

ስለ ቀጥቃጮች ፊልም የሚሠራ አንድ አጥኚ የመጣው በዚህ መሀል ነው። አሥራ ምናምን ኪስ ያለው ሰደርያ የለበሰ፣ ሲያወራ ዓይኑን የሚጨፍን ሰውዬ። "የተገለሉ ወገኖችን ድምፅ አሰማለሁ" አለ። ፊልሙን ኃላፊዎች ካዩት ቆጣሪው እንደገባ ይቁጠሩት ብሎ አጎቴን አሳመነው።

መጀመሪያ ማሽኖቹን "ዓይን ይረብሻሉ" ብሎ በሸራ አስሸፈነ። ቀጥሎ ቱታውን አስወለቀ፣ ጫማውን አስወለቀ፣ የብየዳ መነጽሩንም ተቀበለው። ፍንጣሪ ዓይኑ ቢገባ ለአጥኚው ምኑ ነው? ከዚያ ወናፍ አማረው። የአያቴ ወናፍ ቆጥ ላይ ነበር፤ አይጥ በልቶታል። አጎቴ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ ጣፈው። በባዶ እግሩ ቁጢጥ ብሎ ሲነፋ አጥኚው "እኛ እንደሌለን ሆነው ይሥሩ" ይለዋል። አራት ሰውና ሁለት ትልልቅ መብራት አፍንጫው ሥር ተገትሮ። እኔ ጥግ ቆሜ በንዴት እበግናለሁ። አጎቴ ስለ ቆጣሪው አምስት ጊዜ ተናገረ፤ ፊልሙ ሲወጣ በንግግሩ ቦታ የሚያላዝን ሙዚቃ ገብቶበታል።

ፊልሙ በአዳራሽ ታየ። በሠፈራችን ላለማለፍ በሌላ መንገድ ዞሮ የሚሄደው የመብራት ቢሮ ኃላፊ በመሐረብ እንባውን ሲጠርግ በዓይኔ አይቻለሁ።

በሳምንቱ ከአጎቴ ጋር ቢሮው ሄድን። ኃላፊው ማመልከቻውን አገላበጠና ፈገግ አለ።

"አባባ፣ ይሄ ተሰርዟል። ሠፈሩ እንዳለ ተጠብቆ እንዲቆይ ተወስኗል። ማሽን ከገባ ሙያው ይበረዛል።"

"ጌታዬ፣ እኔ እኮ የምሠራው በማሽን ነው። ወናፉን ለፊልሙ ብዬ ነው የነፋሁት።"

"ኧረ አባባ፣ ፊልሙን ሁለቴ አይቼዋለሁ። አንድ ማሽን እንኳ የለም።"

"ሸራ ሥር ነበሩ። ይምጡና ይዩ።"

ኃላፊው አፈረለት። ወንበሩን ጠጋ አደረገና ልጅ እንደሚያባብል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሰውየው ስለ ብረት ቀጥቃጮች አሥራ ሁለት ዓመት ያጠና ምሁር ነው" አለው። "እርስዎ ከእሱ በላይ ያውቃሉ?"