ያለ ጋላቢ የዞረው ፈረስ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... አንድ ፈረስ ሜዳ ላይ አዙረን ገበያተኛውን ሁሉ አስለቀስን።

ደብረ ማርቆስ ዓለም አቀፍ የፈረስ ውድድር ላስተናግድ ብላ ሜዳ እያስተካከለች ነው። ድንጋዩ ተለቅሟል፣ አጥሩ ቆሟል፣ እኔም ኮሚቴ ውስጥ ገብቻለሁ።

ሜዳውን የሚያይ ባለሙያ ከውጭ መጣ። በእነሱ ደንብ ከውድድር በፊት ፈረሶች ሰው ሳይቀመጥባቸው፣ በልጓም ተይዘው ሐኪም ፊት ያልፋሉ። ይህንኑ ልናሳየው ተነሳን። ባዶውን ከሚሄድ እንዲያምር ብለን ኮርቻ ጫንንበት፣ ግላስ የሚባለውን ቀይ የፈረስ ጌጥ ልብስ አለበስነው።

ፈረሱ ከከተማችን ብዙ በማትርቀው አምበር የሚኖሩት ገበሬ የአያ ንጉሤ ነው። ያን ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦቃ ዳማ የማያውቅ የለም። አያ ንጉሤ ፈረሱን አስቀድመው ልከውልን ነበር፤ እሳቸው እስኪደርሱ ግን አልጠበቅንም።

በእኛ አገር ፈረስ ተጭኖ፣ አጊጦ፣ ያለ ጋላቢ የሚዞረው ጌታው ሲሞት ለቅሶው ላይ ነው። ይህን ኮሚቴው በሙሉ ያውቃል። ስብሰባ ላይ ግን ለማናችንም ትዝ አላለን።

ፈረሱ ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር በአጥሩ በኩል ወደ ገበያ የምታልፍ አንዲት ገበያተኛ ቅርጫቷን ጣለች።

«ወይኔ አያ ንጉሤ! ወይኔ ባለ ቦቃው!»

ሌላው ተከተላት። አጥሩ ሥር ደረት ይመታ ጀመር። ፈረሱም አንገቱን ደፍቶ... በዝግታ ይዞራል።

«ማን ነው የሞተው?» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

አያ ንጉሤ ናቸው። ጋቢያቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው መጥተዋል።

«ማንም አልሞተም አያ... ልምምድ ነው።»

«የምን ልምምድ?»

በጣቴ ወደ ሜዳው አመለከትኩ። ፈረሳቸውን አዩት። ከዚያ አልቃሹን አንድ በአንድ አዩ።

«ያ በድንበር የተጣላኝ ጎረቤቴም አለበት?»

«አለበት። ደረቱን እየመታ ነው።»

«እስቲ ዝም በል፤ ትንሽ ልየው።»

አይተው ሲጠግቡ አጥሩን ተሻግረው አፏጩ። ቦቃው ይህን ፉጨት ከሰማ ከየትም ይመጣ ነበር። አሁን ቀረብ ብለው እጃቸውን ሲዘረጉለት አሸተታቸውና... ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ለቅሶው ጸጥ አለ። ሴትዮዋ አማተበች።

ባለሙያው በአስተርጓሚ «ሥነ ሥርዓቱ ልቤን ነክቶታል፤ በመክፈቻው ቀን ይደገም» አለ። ሰብሳቢያችን አጨበጨበ።

አያ ንጉሤ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ቀኑ መቼ ነው ልጄ?»

«ገና አልተቆረጠም አያ።»

«ጥሩ» አሉ። ለለቅሶ ያዘቀዘቁትን ጋቢ ግን አልመለሱትም።

ከኮሚቴው ውስጥ የውድድሩ ቀን እንዳይቆረጥ የምጸልይ እኔ ብቻ ነኝ።